«ሥራው አልቋል» የሚባለው መቼ ነው?

ኮንትራክተሩ «ሥራው አልቋል» ይላል፤ የቤቱ ባለቤት «የቱ ጋ አለቀ?» ይላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞም ሆነ በለቡ ወይም በመካኒሳ፣ ቤት ያሳደሰ ሰው ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ለማለት እንቸኩላለን። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ፤ «አለቀ» ማለት ምን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር አልተነጋገሩበትምና።

በምሳሌ እንመርምረው። አንዲት እናት በጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤታቸውን አሳደሱ እንበል። ዕቃው በእሳቸው፣ የእጅ ዋጋ በቁርጥ፣ ግማሹ በቅድሚያ፤ ውሉ ሁሉ በቃል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተቀየረ፣ ሴራሚክ ተለጠፈ፣ ሠሪው ቀሪውን ተቀብሎ ተመርቆ ወጣ። በወሩ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱ ረጥቦበት በራቸውን አንኳኳ። ሲደውሉለት ሠሪው «እማማ፣ እኔ ያስረከብኩዎት ደረቅ ቤት ነው፤ የከዳዎት የገዙት ቧንቧ ነው» አላቸው።

ሰውየው የሸጠው ምኑን ነው? ጉልበቱን ከሆነ፣ ላቡን ያፈሰሰ ዕለት ዕዳውን ከፍሏል። ውጤቱን ከሆነ ግን ዕዳው ከቧንቧው ጋር እዚያው ግድግዳ ውስጥ ይኖራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው። አንድ መታጠቢያ ቤት ማደስ በዚህ ዋስትና ይሸፈናል ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ቤት በርክክብ ቀን የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው።

ሆኖም እኚህ እናት ፍርድ ቤት ቢቆሙ ያለ ወረቀት ይቸገራሉ። በአንቀጽ 2001 ግዴታ አለ የሚል ማስረዳት አለበት፤ በአንቀጽ 1772 ደግሞ ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የቃል ውል ውል ነው፤ ችግሩ ቃሉን የሰማው ግድግዳው ብቻ መሆኑ ነው።

«ተማምነን ሳለ ምን ያጻጽፈናል?» የሚል አለ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ እምነት በሌለበት ቁልፉን ለሰው ሰጥቶ ሥራ የሚውል የለም። ነገር ግን እምነት ያስፈለገን ለማናየው ነገር ነው። የሚታየውን፣ የሚቆጠረውን፣ ስንት ካሬ ሴራሚክ፣ የትኛው ቧንቧ፣ በስንት ቀን የሚለውን ሁሉ በእምነት ላይ ከጫንነው እምነቱ ራሱ ይሰበራል።

ዝምታው የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻም አይደለም። «በዛው ይህችንም አድርግልኝ» እየተባለ ሥራው ይጨመራል፣ ዋጋው ግን አይነሣም። የሠራተኛ ክፍያ ቢወደድ አንቀጽ 1764 ውል ስለከበደ ብቻ አይፈርስም ይላል፤ በቁርጥ የተዋዋለው ሠሪ ኪሳራውን ተሸክሞ፣ ቀሪ ክፍያውም ተይዞበት ይሄዳል። የታችኛው ጎረቤት ደግሞ በውሉ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ የረጠበው ግን የእሱ ኮርኒስ ነው።

ቤት ልታሳድሱ ያሰባችሁ፣ ሠሪዎችም ጭምር፦ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውኃው ተለቅቆ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት አብራችሁ እዩት፣ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።