ጌታን አንፈታተን፦ ስለ እምነትና ስለ ክትባት



ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕዝባችን አዘውትሮ የሚደግመው መዝሙር 90ን ነው። በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ዲያብሎስ ለጌታችን የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም (ማቴ. 4)። መላእክት ስለሚጠብቁት ራሱን ይወረውር ዘንድ ጠየቀው፤ ጌታችን ግን በአባቱ ጥበቃ እየታመነ አልዘለለም።

በኮቪድ-19 ዘመን «የሚጠብቀን እግዚአብሔር ነው፤ መርፌ አያሻንም» የሚሉ ምእመናን ነበሩ። እኛ ካህናትም ይህን እየሰማን ዝም ያልንበት ጊዜ ስለ ነበር ወቀሳው አስቀድሞ ለእኛ ይሁን። መድኃኒትም ሐኪምም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 አስተምሮናልና።

ክትባት ምን እንደሚሠራ የፈንጣጣ ታሪክ ይመስክር። ፊታቸው በፈንጣጣ የጠባሰ፣ ዓይናቸውም የጠፋ ሰዎችን አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ፤ ልጆቻችን ግን አላዩም። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን ነው። የጤና ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ ሕመምተኛውን ይፈልጉ፣ በዙሪያው ያሉትንም ይከትቡ ነበር። በሽታው የሚሸጋገርበት ሰው ሲያጣ በዚያው ይቆማል።

በጥቅምት 1977 በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ፣ ዓሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሁለት የፈንጣጣ ሕመምተኞችን ለጫነ መኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፈረ። ሕመሙን ፈርቶ ከክትባት የሸሸ ሰው ነበር። በዚያች አጭር ጉዞ ያዘው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማይቱና በአካባቢዋ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ተከተቡ፤ እርሱም ዳነ፤ ከእርሱም ወደ ሌላ ሰው አልተላለፈም። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

የኮሮና ክትባት እንዲህ አላጠፋም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። የተከተቡ ሰዎችም ታመዋል፤ ከመያዝ የሚከላከለው ኃይሉ በወራት ውስጥ ይደክማልና። ከጽኑ ሕመምና ከሞት ግን አብዝቶ ጠብቋል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በዓለም ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሞት እንዳተረፈ ሊቃውንት ገምተዋል። «የተከተበውም ታመመ» የሚል ሰው ታሞ በተነሣውና በተቀበረው መካከል ያለውን ልዩነት ዘንግቷል።

የክትባቱ አሠራር ከውርጃ ጋር ግንኙነት አለው በማለት ኅሊናቸው የተጨነቀም አሉ፤ ጭንቀታቸው የሚናቅ አይደለም። የእምነት ትምህርት ጉባኤ በታኅሣሥ 2020 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሌላ ነቀፋ የሌለበት ክትባት በማይገኝበት ጊዜ እንዲህ ያለውን መከተብ የተፈቀደ መሆኑን፣ ይህም ውርጃን መደገፍ እንዳልሆነ አስረድቷል። ክትባቱ በፈቃድ ይሁን ብሏል፤ በኅሊናው ምክንያት የሚተው ሰው ግን በሽታውን ወደ ደካሞች እንዳያስተላልፍ በሌላ መንገድ ሁሉ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም በነሐሴ 2021 መከተብን የፍቅር ሥራ ብለውታል። መምህራን ሆይ፣ ይህን ለምታስተምሯቸው ሳታጎድሉ ንገሩ።

ዓሊ ማሊን ከዓመታት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰማርቶ፣ ልጆቻቸውን ለማስከተብ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ስሕተት ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ።