የእሳት እራትና የማወቅ ዕዳ

አማርኛችን በብርሃን ተስባ የምታልቀውን ትንሽ በራሪ «የእሳት እራት» ይላታል። ስሟ ፍርዷ ነው፤ መብራት ካየች አለቀላት። በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በፖርትላንድ፣ ግን ብርሃን ሌላ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1906 ለመርከቦች ማብራቱን ያቆመ አሮጌ ማማ ከ1961 ጀምሮ የወፎች መመልከቻ ጣቢያ ሆኗል። እኛ ክረምት በምንለው በሐምሌና በነሐሴ ለእነሱ በጋ ነው። ሌሊት ብርቱ አምፑል ይበራል፤ ከሥሩ የእንቁላል ካርቶን ያለበት ሳጥን ይቀመጣል። ተስባ የገባችው የእሳት እራት ካርቶኑ ላይ ታድራለች። ሲነጋ ዓይነቷ ይለያል፣ ትቆጠራለች፣ ትለቀቃለች። ቀን ደግሞ ወደ ደቡብ የሚሻገሩ ወፎች በስስ መረብ ይያዙና ቁጥር ያለው ቀለበት እግራቸው ላይ ታስሮ ይለቀቃሉ።

ጥያቄያችን እንዲህ ነው፤ ለማወቅ ሲባል መንገደኛን ማስቆም ይገባልን? «ምን አለበት፣ ይለቀቁ የለም እንዴ?» የሚሉ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ሃያ ግራም ያህል ለምትመዝን፣ ጅራቷ እንደ መቀስ ለተሰነጠቀ፣ ከእንግሊዝ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ለምትበር ስዋሎ ጥቂት ደቂቃም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል፣ እዚያ ድረስ መሄዷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1911 እንግሊዝ ውስጥ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ስዋሎ በ1912 መጨረሻ ናታል ውስጥ በመገኘቷ ነው።

የባሰም አለ። በብሪታንያ ከ1968 እስከ 2017 የትልልቅ የእሳት እራቶች ብዛት በ33 በመቶ መቀነሱ የታወቀው፣ የያዙትን በሚገድሉ የብርሃን ወጥመዶች ነው። እነዚያስ እንደ ስማቸው ሆኑ። ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ያለዚያ ቁጥር መመናመናቸውን ማን ይነግረን ነበር?

ስለዚህ ማወቅ ዕዳ ነው እንላለን። መልቀቅ የዕዳው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ባወቁት መሥራት ነው። ቆጥሮ ዝም ያለ ሰው ከእሳቱ በምን ይሻላል?

ነገሩ ደግሞ የወፍ ብቻ አይደለም። እኛም ነገ መጠይቅ ይዘን ገበሬውን ከእርሻው፣ እናትን ከምድጃዋ እናስቆማለን። ጊዜያቸውን ወስደን፣ ዲግሪያችንን ይዘን፣ ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ አቧራ ካስበላነው፣ መብራታችን እሳት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ደጅ ቆመን ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደምንመልስላቸው እንወቅ።