ክንድ በአፍ ውስጥ

በአውራ ጣት በኩል፣ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ የልብ ትርታ የምንቆጥርበት ቦታ አለ። ካንሰር የነካው የምላስ ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ምትኩን የሚያነሱት ከዚያ ነው፤ ቆዳውን ትርታ ከሚሰጠው ደም ቅዳ ጋር። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በቻይና የጀመሩት ያንግ ጉዎፋንና ባልደረቦቹ ናቸው።

ከሁሉ በፊት እጁ ይጠየቃል። ታማሚው ይጨብጣል፤ ሐኪሙ ለእጁ ደም የሚያደርሱትን ሁለቱን ደም ቅዳዎች በጣቶቹ ይጫናል፤ ሲዘረጋ መዳፉ ነጥቶ ይታያል። ከዚያ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ብቻ ይለቀቃል። መዳፉ ቶሎ ከቀላ እጁ በአንዱ ይኖራል ማለት ነው። ከጠቅላላው ሕክምና ለእኔ ጨዋው ክፍል ይህ ነው።

ቆዳው አፍ ውስጥ ይሰፋል። ስፋታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነው የደም ሥሮቹም በማይክሮስኮፕ እየታዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ከአንገት ሥሮች ጋር ይጋጠማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች በየሰዓቱ መጥተው ያዩታል። ከገረጣ ደም አልገባም፤ ከጠቆረ ደም አልወጣም።

የአፍ ካንሰር የያዘው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ ለዚህ ዘመን አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1923 የላንቃውና የመንጋጋው ከፊል ሲወጣ፣ ክፍተቱን የሸፈነለት የሚወልቅና የሚጸዳ ሰው ሠራሽ ነገር ነበር። በ1939 እስኪሞት አሠቃየው፤ ጽሑፉን በአደባባይ የምታነብለትም ልጁ አና ነበረች።

የክንዱ ቆዳ ግን ሕያው ነው፤ ሕያው በመሆኑም ክንድነቱን አይተውም። ጣዕም አያውቅም። ነርቭ ካልተቀጠለለት ትኩሱን ከቀዝቃዛው በደንብ አይለይም። ፀጉራም ከነበረ አፍ ውስጥም ያበቅላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆመው ተከትሎ የሚሰጠው ጨረር ነው። ምላስ እንዲሆን መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል። የሚፈለግበት ቦታ መያዝ ነው፦ የተረፈው ምላስ ከአፍ ወለል ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር፣ ተነሥቶ ላንቃን እንዲነካ። ቀጭኑ የክንድ ቆዳ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ወፍራሙ ይጫነዋል።

ልፋቱ የተረፈው ምላስ ነው። ጫፉን ያጣ የአማርኛ ተናጋሪ «ውሃ» ወይም «ምግብ» ለማለት ብዙም አይቸገርም፤ ከንፈሩ፣ ጉሮሮውና የምላሱ ሥር ይበቁታል። «እንጀራ» ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምላስ ፊት ሥራ ነው። እንጀራውን ለመብላትም ቢሆን ጉርሻውን ከጥርስ ወደ ጉሮሮ የሚያሻግረው ያው የተረፈው ነው፤ ክንዱ አያግዘውም።