ዘር ከልጓም ይስባልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ ዛሬ እኛ ተማሪዎች ተረቱን ሳንተው ስሙን ብቻ ለውጠን «ጂን» እንለዋለን፡፡ አንዱ ሮጦ ሲቀድም «ጂኑ ነው» ይባላል፤ ሌላው ገና ሳይሞክር «እኔ እኮ ጂኑ የለኝም» ብሎ ይቀመጣል፡፡ ለመሆኑ ጉልበት ውርስ ከሆነ ምስጋናው ለማን ነው? ወቀሳውስ?

በመጀመሪያ ያለውን እውነት እንቀበል፡፡ ጡንቻችን በዋናነት ከሁለት ዓይነት ክሮች የተሠራ ነው፡፡ ዝግተኛው ክር ቶሎ አይደክምም፤ ፈጣኑ ብዙ ኃይል ባንዴ አውጥቶ ወዲያው ይዝላል፡፡ የሁለቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለልዩነቱም ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው፡፡ ኤሲቲኤን 3 የሚባለው ጂን በፈጣኑ ክር ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ያሠራል፡፡ ከአባትም ከእናትም የማይሠራውን ቅጂ የወረሰ ሰው ይኸ ፕሮቲን የለውም፤ ጤናው ግን ምንም አይጎድልበትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በአጭር ርቀትና በጉልበት ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ ከደረሱት መካከል እንዲህ ያሉት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳየ፡፡ ስለዚህ ተረቱ ባዶ አይደለም፡፡

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ይኸንኑ ጂን በኢትዮጵያና በኬንያ የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ መርምሮ ከቀረው ሕዝብ የሚለያቸው ነገር አላገኘም፡፡ የጉና ተራራ ልጅ በከፍታ ላይ ተወልዶ ዳገት እየወጣ ይማራል፤ የበቆጂም ልጅ እንዲሁ፡፡ በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱን የመሰለ አሠልጣኝ አገኘች፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለም ከዚያ ወጡ፡፡ ዘር ያለ አራሽ ምን ያበቅላል?

ደግሞም «ዘር» በምንለው አንድ ቃል ሁለት ነገር እናምታታለን፤ ጂንንና የትውልድ ሐረግን፡፡ ጂን በየወሊዱ እንደ ዕጣ ይደለደላል፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ የተለያየ ይደርሳቸዋል፡፡ በሐረግ የሚፈርድ ሰው ታዲያ ከሳይንስ ምን ድጋፍ ያገኛል?

ይኸ መምታታት ምን እንዳስከተለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በፈረንጅ ባለሙያዎች ያሠሩት በጋፋት ነው፡፡ በዚያው ዘመን ያገሬው ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ በዘሩ ይናቅ ነበር፡፡ እጁ ያወቀውን ሙያ ሐረጉ አስነቀፈው፡፡ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ያን መድፍ እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ መቅደላ አደረሱት፤ ወራት ፈጀባቸው፡፡ የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የመድፉንም ስም እናውቃለን፡፡ የጎታቾቹን ስም ግን ማን ጻፈልን? ፈጣን ክር የበዛለትም ዝግተኛው የበዛለትም አንድ ገመድ ይዞ ነበር፡፡ መድፉን ያንቀሳቀሰው የሁሉም ጉልበት ነው፡፡

እዚህ ላይ «ትጋትም ራሱ ውርስ ቢሆንስ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፡፡ ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቀላል ነው አንልም፡፡ እንዲያ ከሆነ የሚቀንሰው ኩራታችን ነው፤ ኃላፊነታችን ባለበት ይቆያል፡፡ ያልደከመበትን ጉልበት ያገኘ ሰው በደካማው ላይ የሚመጻደቅበት ምክንያት የለውም፤ ይልቁን ገመዱን ከፊት የመያዝ ዕዳ አለበት፡፡ ጉልበት ያነሰውም ቢሆን የድርሻውን ገመድ ከመያዝ ነፃ አልወጣም፡፡

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ መምህራን እንሆናለን፡፡ ቀጫጫ ልጅ ፊታችን ቆሞ ልሞክር ሲለን፣ «የነማን ልጅ ነህ?» ብለን ልንጠይቀው ነው ወይስ ሜዳውን ልናሳየው? ጂን ስለ ሰውነቱ ጥቂት ይነግረን ይሆናል፡፡ ስለ ሰውየው ግን ሳይሮጥ መፍረድ ግፍ ነው፡፡