የሠላሳ ጤፍ ፍሬ ክብደት

አባቴ ከምጽዋ ያመጣው ነጭ ድንጋይ ቡፌው ላይ፣ ከእርሱና ከእናቴ የሠርግ ፎቶ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ወደ ባሕሩ በወረደ ቁጥር አንድ ነገር ይዞልን ይመጣል፤ አንዴ ተምር፣ አንዴ ቀንድ የሚመስል ዛጎል፣ አንዴ ደግሞ ይህን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ድንጋይ። «ድንጋይ ቅርንጫፍ ያወጣል እንዴ አባባ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ባሕር ውስጥ ያወጣል» አለኝ። ለብዙ ዓመታት የነበረኝ መልስ ይኸው ብቻ ነበር። ያን ቅርንጫፍ ያነጹት ከትንሿ ጣት ጥፍር የሚያንሱ ለስላሳ ፍጥረታት መሆናቸውን፣ በእጄ አገላብጠው የነበረው ነገርም አፅማቸውና ቤታቸው መሆኑን ያወቅሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ 280 ሊትር የጨው ውሃ አለ፤ በውስጡም እነዚያ ፍጥረታት፣ ኮራሎች፣ በሕይወት ያድጋሉ። እሑድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከውሃው 10 ሚሊ ሊትር በብልቃጥ ቀድቼ፣ የመመርመሪያውን ዱቄት ጨምሬ፣ ነቅንቄ እጠብቃለሁ። ፎስፌት ካለ ውሃው ሰማያዊ እየሆነ ይመጣል። እጅግ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ዓይኔ በእርግጠኝነት አይለየውም፣ በብርሃን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ናት የምታነብልኝ። በሊትር 0.03 ሚሊ ግራም። ይህ ለእኔ ደኅና ሳምንት ነው ማለት ነው። በገንዳው ውሃ ውስጥ ያለው ፎስፌት ሁሉ ተለቅሞ ቢመዘን ግን 8 ሚሊ ግራም ተኩል አይሞላም፤ ሠላሳ ያህል የጤፍ ፍሬ ነው። እርጥብ ጣት ላይ ተለጥፎ የሚቀር። ያ ሠላሳ ጤፍ መቶ ሲሆን፣ ሦስት መቶ ሲሆን ኮራሎቹ ይታወቅባቸዋል፤ ጨርሶ ሲጠፋም ይታወቅባቸዋል። እንዲህ ያለውን ቀጭን ልክ ለዓለም የሰጠውን እያሰብኩ ነው ብልቃጡን የማጥበው።

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1836 በሕንድ ውቅያኖስ ወደሚገኙት ኪሊንግ ደሴቶች ደርሶ ኮራሎች ያነጿቸውን ግንቦች፣ ሪፎቹን፣ በዓይኑ አየ፤ በ1842 ስለ አፈጣጠራቸው መጽሐፍ አሳተመ። እስከ ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራ አንድ እንቆቅልሽ አለ። የሞቃት አገር ባሕር እንደ ብርጭቆ የጠራው ድሃ ስለሆነ ነው። የሚንሳፈፍበት ሕይወት ጥቂት ነው፤ የሚመግበው ናይትሬትና ፎስፌት እምብዛም የለምና። ታዲያ በዚህ ሰማያዊ ምድረ በዳ መካከል፣ ዓሣው፣ ሰፍነጉ፣ ሸርጣኑ፣ ኮራሉ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የሚኖርበት ከተማ እንዴት ቆመ? ማን ይቀልበዋል?

ደግ ባለሙያ ሴት ያለችበት ቤት ምንም አይጣልም። ያደረው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ የደረቀው ድርቆሽ ይሆናል። ሪፍም እንዲህ ነው የሚኖረው። ኮራል በገዛ ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ ዋቅላሚ ያሳድራል፤ አልጌ የምንለውን ማለቴ ነው። ዋቅላሚው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራና አብዛኛውን ለአስተናጋጁ ይሰጣል። ኮራሉ በበኩሉ ከሰውነቱ የሚወጣውን አሞኒያና ፎስፌት ወደ ባሕር ሳይጥል ለእንግዳው መልሶ ያቀርባል። ለአንዱ ጥራጊ የሆነው ለሌላው ማዕድ ነው፤ ማዕዱም እዚያው በአንድ ቆዳ ውስጥ ይዞራል። ሌሊት በቅርንጫፎቹ መካከል የሚያድሩ ትንንሽ ዓሦች በሰውነታቸው ጥራጊ የማደሪያቸውን ይከፍላሉ። በውሃው ሟሙቶ ሊጠፋ የነበረውን ደግሞ ሰፍነጎች ይመጥጡታል፣ ከሰውነታቸው በሚረግፉ ሕዋሳት አድርገውም ለትንንሾቹ እንስሳት ያበላሉ፤ ይህ የሰፍነጎች ሥራ በሚገባ የተገለጠው በ2013 ነው። ከዳርዊን ወዲህ ስንት ዓመት!

በቤት ገንዳ ውስጥ ይህ ዙር ቀዳዳ አለው። ምግቡ ከውጭ ይገባል፤ ሟሙቶ የሚሰፋበት ውቅያኖስ ግን የለም። ቆንጥሬ የምጥለው የዓሣ ምግብ ሁሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ነው የሚመጣው። የከተማው የቧንቧ ውሃም እንዲሁ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ያረጁ ቧንቧዎች እርሳስ እንዳይለቁ ሆን ተብሎ ፎስፌት ይጨመርበታል። ለሰው ጤና የተደረገ መልካም ነገር ነው፤ ለኮራል ግን ውሃውን አስቀድሜ በማጣሪያ አሳልፋለሁ።

ናይትሮጅንንና ፎስፈረስን አንድ አድርጌ ስቆጥራቸው ኖሬያለሁ፤ አይደሉም። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ይተነፍሳል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ገጽ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ወደ ድንጋዩ ሆድ፣ ኦክስጅን ወደማይደርስበት ጨለማ ሰርጎ ሲገባ እዚያ ሌላ ነገድ ይቀበለዋል። እነዚህ ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን ይለቁታል፤ አረፋ ሆኖ ወጥቶ ከምንተነፍሰው አየር ይቀላቀላል። ከአየራችን 78 በመቶው እርሱ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን በር አለው። ከአንድ ጭብጥ ድንጋይ ውስጥ ወደ ሰማይ የሚያወጣ በር!

ፎስፈረስ በር የለውም። ትነት ሆኖ አያመልጥም፤ ከድንጋይ መጥቶ ወደ ድንጋይ የሚመለስ የምድር ልጅ ነው። ከገንዳዬ የሚወጣው በእጅ ተይዞ ብቻ ነው፤ ወይ ከተለወጠው ውሃ ጋር፣ ወይ እርሱን እንዲይዝ በማኖረው የብረት ዝገት ፍርፋሪ ላይ ተጣብቆ፣ ወይ ሕያው ነገር በልቶት ያ ሕያው ነገር ሲወጣ። ደግሞ የሚደንቀው፣ እኛ የምንቆመው በእርሱ ነው። አጥንታችን የካልሲየምና የፎስፌት ሥራ ነው፤ የኮራል አፅም ግን የካልሲየምና የካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ዘመድ ነው። ፎስፌት ሲበዛ በሚያድገው የኖራ ክሪስታል ገጽ ላይ ይለጠፍና ቀጣዩ ድርድር እንዳይቀመጥ ያውካል። የእኔን ጉልበት ያጸናው ነገር የእርሱን ግንብ ያስቆማል። አንድ አናጺ ለሁለት ፍጥረታቱ ሁለት ጭቃ መረጠ፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዝም እላለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ገንዳዬ ታሞ ነበር። ፎስፌቱ 0.4 ደረሰ፤ ሐምራዊ የነበረው ኮራል ቡናማ ሆነ፣ ምክንያቱም በሥጋው ያደረው ዋቅላሚ ምግብ ሲበዛለት ተባዝቶ ቀለሙን ሸፈነው። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። እኔም ዜሮን ተመኘሁ። ንጹሕ ማለት ባዶ ማለት መስሎኝ የዝገት ፍርፋሪውን አበዛሁ፣ ምግቡን ቀነስሁ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ለወጥሁ። ድንጋዩ በዓመታት የጠጣውን ፎስፌት ቀስ በቀስ ስለሚመልስ ቁጥሩ ወርዶ እንደገና ይነሣል፤ እኔም እንደገና እጨምራለሁ። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ አሉ። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። ደስታዬን አልረሳውም።

በሦስተኛው ሳምንት ኮራሎቹ መገርጣት ጀመሩ። ጫፎቻቸው ነጡ፤ ማታ ማታ የሚዘረጉት ጣቶቻቸው ሳይወጡ ቀሩ። አሸዋው ላይ አረፋ ያንጠለጠለ ቡናማ ልጋግ ተነጠፈ፤ ዳይኖፍላጀሌት ይባላል፣ ተፎካካሪዎቹ በራብ ሲደክሙ ሜዳውን የሚወርስ ነው። ዋቅላሚው ፎስፌት ሲያጣ መሥራት ያቅተዋል፤ አስተናጋጁም አብሮት ይራባል። ጥቂት ነገር ከምንም ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ ያኔ ገባኝ። ፍርፋሪውን አወጣሁ፣ ዓሦቹን አጠገብኋቸው፣ ናይትሬት በጠብታ መለስሁ። ከሞቱት ሁለቱ በቀር ቀለማቸው ለመመለስ አምስት ወር ፈጀ።

አሁን የምይዘው ናይትሬት በሊትር 5 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.08 ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ አንጠባጥባለሁ፤ ባክቴሪያዎቹ በእርሱ ይባዙና ሁለቱንም በአካላቸው ይይዛሉ፣ ከዚያ ስኪመር የሚባለው ማጣሪያ በአረፋ ጠርጎ ያወጣቸዋል። ጽዋው ውስጥ የሚጠራቀመው እንደ ጠላ አተላ ይጠቁራል። ሌላ ሰው ሌላ ልክ ይኖረዋል፤ ቁጥሩ በየቀኑ ከመዋለል በአንድ ቦታ መጽናቱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1934 አንድ ነገር አስተዋለ። ከተለያዩ ውቅያኖሶች የተቀዳው ውሃና በውስጡ የሚንሳፈፉት ረቂቃን አካል ናይትሮጅንና ፎስፈረስን የያዙት በሚቀራረብ መጠን ነው፤ በኋላ በተስተካከለው ስሌት ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 ያህል የናይትሮጅን አቶም። ባሕሩ ሕይወቱን፣ ሕይወቱም ባሕሩን በአንድ ሚዛን መዝኖታል። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ልኬን በጠብታ ለመጠበቅ ስታገል፣ ውቅያኖስ የራሱን ልክ ያለ ብልቃጥ ይጠብቃል።

ታላቁ ባሕር እንኳ ልኩ የሚናወጥበት ጊዜ አለ። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ የረጨው ነገር በሰማይ ተንሰራፍቶ ፀሐይን ጋረደ። በቀጣዩ የብርድ ወቅት ቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ኤላት ዳርቻ ከወትሮው የበረታ ብርድ ሆነ። ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ከበደና ሰጠመ፤ ባሕሩ ከ850 ሜትር በላይ ወደ ታች ተማሰለ። በጥልቁ ተኝቶ የነበረው ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ብርሃን ወጣ። ዋቅላሚ እንደ ምንጣፍ ሪፉን ሸፈነ፣ ብዙ ኮራልም ከሥሩ ሞተ። በሩቅ ምሥራቅ ተራራ ተነፈሰ፤ አባቴ ድንጋዩን ባነሣበት በዚያው ባሕር ሌላኛው ጫፍ የኮራል አፍ ተዘጋ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ሩቅ የሚባል ቦታ የለኝም።

እናቴ ባለፈው ዓመት መጥታ ከእኛ ጋር ከረመች። ገንዳው ፊት ወንበር አስቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቀመጣለች። ናይትሬቱ ከፍ እያለ መጣና ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ዓሦቹን ታበያቸዋለሽ እንዴ?»

«አፉን ከፍቶ እያየኝ እንዴት ዝም ልበለው ልጄ?»

ከልከል ማድረግ አልቻልሁም። ከገንዳው ሥር፣ በሁለተኛዋ ትንሽ ገንዳ ውስጥ የማሳድገውን አልጌ መብራት አስረዘምሁለት። የላይኛው መብራት ሲጠፋ የእርሱ ይበራል፤ እናቴ የሰጠችውን ሁሉ ሌሊቱን ይለቅመዋል። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት እፍኝ እነቅላለሁ። ልጥለው ስል አየችኝና ተቀበለችኝ። ጨው እስኪለቅ ደጋግማ በቧንቧ ውሃ አጠበችው፣ ከታትፋም በረንዳ ላይ ባለው የጤና አዳም ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀበረችው። ጤና አዳሙ በዚያ በጋ እንደ ቁጥቋጦ ሆነ። እሑድ ቡና ስታፈላ አንድ ዘለላ ቀንጥሳ ስኒዬ ውስጥ ጣል ታደርግልኛለች፤ ነጩ ድንጋይ አሁን እኔ ቤት ነው፣ ከረከቦቱ በላይ መደርደሪያው ላይ።