ስለ ጀንፈሉና ስለ ዛፉ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፥ በሸቤ፥ ጀንፈል የሚሸጥ ገበሬ ዛፉን አብሮ እንዳልሸጠ ሻጩም ገዢውም ያውቁታል። ታሪክ ደርሶ በሥዕል አድርጎ ለሚያትም ሰው የሚሰጥ ደራሲ ግን የሸጠው ፍሬውን ይሁን ዛፉን ሳይለይ የሚፈርምበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአሜሪካ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማን የተባለውን የኀያል ሰው ታሪክ በ1930 ዓ.ም. ከነሙሉ መብቱ በ130 ዶላር ሸጡ። አታሚዎቹ እጅግ በለጸጉበት፤ ደራስያኑ ግን በችግር አረጁ። ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20,000 ዶላር እንዲከፈላቸው፥ ስማቸውም በሥራቸው ላይ እንዲመለስ የተደረገው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ፈርመው ከሸጡ በኋላ ምን ይቀራቸዋል? የሚል አይጠፋም። እርግጥ አታሚውም የነገውን ሳያውቅ ገንዘቡን አውጥቷል፤ ስለ ዋጋው ይከራከሩ። ስሙን ግን ማን ሊገዛው ይችላል? ዔሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ቢሸጥ እንኳ የይስሐቅ ልጅ መባሉ አልቀረም። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪ ያፍራል።

በአገራችን ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱን ለይቷቸዋል። የጥቅሙ መብት በጽሑፍ ውል ለሌላ ያልፋል፤ ደራሲ ተብሎ የመጠራትና ሥራው እንዳይጣመምበት የመቃወም መብት ግን ከደራሲው ጋር ይኖራል። ዐዋጁ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ እንግዲህ ታሪኩን ሳይጽፍ በቡና ላይ ያጫወተ ሰው ምን ይዞ ይከሳል?

የሸቤው ጐልማሳ የእጅ ጽሑፉን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ግልባጩን ያስቀር፤ ውሉም ለስንት እትም፥ ለስንት ዘመን እንደ ሆነ ካልተናገረ፥ ሳይፈርም ይጠይቅ።