ፍልውሃው የማን ነው?

የወሎዎቹ የቦረናና የሳይንት ደጋ ምንጭ አይቸግረውም፤ ውሃው ግን እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያው ከመካነ ሰላም አካባቢ ቁርጥማት የጸናበት ሰው ፍልውሃ ቢያምረው ደጋውን ለቆ መውረድ አለበት። ወይ በደሴ አድርጎ ወደ ሐርቡና ቦርከና፣ ወይ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው ዋንዛዬ።

ውሃውም መንገደኛ ነው። ከፍታው ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለት ስንጥቅ ይሰርጋል፣ ከምድር ሆድ ሙቀት ይደርሳል፣ ግሎ በሌላ ስንጥቅ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ፍልውሃ የሚበዛው የምድር ቅርፊት እዚያ ስለተሰነጣጠቀና ስለሳሳ ነው። እንግዲህ በአንዱ አገር ዘንቦ፣ በሌላው መሬት ሥር አልፎ፣ በሦስተኛው ደጅ የሚፈልቅ ውሃ የማን ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ጥሩ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚገባ ግን የሚወስነው ሌላ ሕግ ነው፤ ወረፋ። ወረፋውንም ሕመም ይሽረዋል።

በሌላ አገር ተራራ አቆራርጦ ፍልውሃ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ይመኛል። ምኞቱን አልንቅም፤ ጸጥታም የሚያሽረው ሕመም አለ። እኛ ዘንድ ግን ሰው ፍልውሃ የሚወርደው ስንቁን ይዞ፣ ቀናት ሊሰነብት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊታጠብ ነው። ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱ ለብቻ።

ልብሱን ሲያወልቅ ከልብሱ ጋር ምን ያወልቃል? ጉልበታቸው የተያዘ አዛውንት ወደ ውሃው ሲገቡ እንይ። ሁለት ጎልማሶች ብብታቸውን ይዘዋል። ተረከዛቸው እንፋሎቱን አልፎ ውሃውን ሲነካ እግራቸውን ይሰበስባሉ። «ቀስ፣ ቀስ ልጆቼ» ይላሉ። «አይዞዎት አባባ» ይሏቸዋል። ልጆቻቸው አይደሉም፤ ትናንት ነው የተገናኙት። ሽማግሌው ባለጸጋ ይሁኑ የእኔ ቢጤ ከገላቸው አይነበብም። የሚነበበው ያበጠው ጉልበት ብቻ ነው። እኔ እኩልነት የምለው ይህንን ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን ሳይሆን፣ ሰው በሚያስፈልገው ነገር መታየቱን።

ውሃው ራሱ ይህን አያመጣም። አዲስ አበባን አስቡ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ከተማው ከዚያ አደገ። መዲናችን የተተከለችው ሙቅ ውሃ ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በዚያው ቦታ መታጠቢያው በክፍልና በዋጋ ተለይቷል። ውሃው ከአንድ ምድር ይፈልቃል፣ በር ላይ ሲደርስ ደረጃ ይወጣለታል። ቧንቧ፣ ንጽሕና፣ ጥበቃ ገንዘብ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ቢሆንም ደረጃው ከቧንቧው ጋር አብሮ መምጣት ነበረበት የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘሁም።

ስለዚህ ለባለሀብቱም፣ ለወረዳው ሹምም አንድ ልመና አለኝ። ገጠር ያለ ፍልውሃ ስታለሙ መንገዱን አምጡ፤ በቃሬዛ የሚመጣ ሰው አለና። መኝታ ክፍሉንም ሥሩ። ከምንጩ ሥር ግን አንድ ገንዳ ሳይታጠር፣ ሳይከፈልበት ለወረፋ ይተው።